ገበታውን የሚያዘው ወሩ ነው፦ የሞንጎሊያ ምግብ፣ መጠጥና ምሽት ለመንገደኛ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

"የሞንጎሊያ ምግብ" ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ትልቅ ክብ የብረት ምጣድ ነው፤ በላዩ በስሱ የተከተፈ ሥጋና አትክልት ከሶስ ጋር እየተገላበጠ ይጠበሳል። "የሞንጎሊያ ባርቤኪው" የሚሉት ማለት ነው። ይህ ምግብ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1951 ታይዋን ውስጥ፣ ታይፔ ከተማ ላይ ነው፤ ፈልሳፊውም ዉ ጃውናን የተባለ የኮሜዲ ሰው ነው። በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር ብታገኙት እንኳ ከውጭ የገባ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገርበትን ገበታ ለማየት ያንን ምጣድ ለጊዜው እንርሳው።

ወደ ሞንጎሊያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ ያለበት "ምን እበላለሁ?" ብሎ ሳይሆን "በየትኛው ወር ነው የምሄደው?" ብሎ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በአገሪቱ ክረምቱ ረጅም ነው፤ በጥር ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያልፋልም። እህልና አትክልት የሚያበቅለው የሙቀት ወቅት አጭር ነው። ሕዝቡ የኖረው በአምስት እንስሳት ነው፦ በግ፣ ፍየል፣ ከብት (ያክ የሚባለውን ጸጉራም የተራራ ከብትም ጨምሮ)፣ ፈረስና ግመል። እንስሳቱ በበጋ ሣር ሲያገኙ ይታለባሉ፤ በመከር ማብቂያ ሲሰቡ ይታረዳሉ። ስለዚህ በጋው የወተት፣ ክረምቱ የሥጋ ነው። የበጋውን ምግብ "ጻጋን ኢዴ"፣ ነጩ ምግብ ይሉታል፤ የክረምቱን ደግሞ "ኡላን ኢዴ"፣ ቀዩ ምግብ። የእኛን የጾምና የፍስክ ወራት ያስታውሳል፤ እዚያ ግን ወራቱን የለየው ሃይማኖት ሳይሆን ብርዱ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እኔ በጋና ክረምት የምለው በእነርሱ ሰማይ ነው። የእነርሱ በጋ የእኛ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው።

ከበጋው እንጀምር፤ የበጋም አውራው መጠጥ አይራግ ነው። አይራግ የተብላላ የፈረስ ወተት ነው። እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሚጠቅመው ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየትም ነው። ውርንጭላዎቹ መሬት ላይ በተወጠረ ረጅም ገመድ ላይ ቀኑን ሙሉ ታስረው ይውላሉ። እናቲቱ ባዝራ ወተቷን እንድታወርድ መጀመሪያ ውርንጭላው እንዲጠባ ይደረጋል፤ ጥቂት ከጠባ በኋላ ይሳብና እዚያው ከጎኗ ይያዛል፤ አላቢዋ በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካ ታልባለች። ባዝራ በአንድ ጊዜ ብዙ ወተት ስለማትይዝ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ፣ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ትታለባለች። ወተቱ ቀዝቀዝ ሲል "ኾኹር" ወደሚባል ከላም ቆዳ የተሰፋ ትልቅ አቁማዳ ይገለበጣል። አቁማዳው ውስጥ ካለፈው የቀረ እርሾ አለ። ከዚያ ሥራው መናጥ ነው። "ቡሉር" በሚባል ረጅም የእንጨት መምቻ ወደ ላይ ወደ ታች በቀን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይመታል። አቁማዳው በር አጠገብ የሚሰቀለውም ለዚህ ነው፤ የገባ የወጣ ሁሉ ጥቂት መትቶ ያልፋል። እንግዳም ቢሆን። እናንተም ብትመቱ ደስ ይላቸዋል።

መምታቱ ቢቀርስ? እርሾው በእኩል አይሠራም፤ ወተቱ ይቋጥራል፣ ኮምጣጤነቱ ያይላል፣ ያ ምላስ ቆንጠጥ የሚያደርገው ሕይወት ያለው ጣዕሙ ይጠፋል። ጥሩ አይራግ ጠጣር ቅንጣት የለበትም፤ ሲቀዳ ላዩ ላይ ስስ አረፋ ይኖረዋል፤ መጀመሪያ ይኮመጥጣል፣ ቀጥሎ ይጣፍጣል። የአልኮሉ መጠን 2 በመቶ ገደማ ስለሆነ አያሰክርም፤ የሚያስቸግረው ሆድን ነው። የፈረስ ወተት በውስጡ ያለው ስኳር ብዙ ነው፤ እርሾው የተወሰነውን ይበላዋል፣ ሁሉንም ግን አይጨርስም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ግማሽ አያጋ ይበቃችኋል (አያጋ የሚሉት መጠጫውን ጎድጓዳ ሳህን ነው)። ሌሊቱን ሆዳችሁን አዳምጡት፤ ሰላም ከሆነ በማግስቱ ጨምሩ። ስምንት ሰዓት በመኪና ልትጓዙ በተነሣችሁበት ጠዋት ግን አትጀምሩት። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ገዝታችሁ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ አትዝጉ። እርሾው በመኪናው ንዝረት እየተናጠ ይቀጥላል፤ ጠርሙሱ ይነፋና ሲከፈት ጣሪያ ድረስ ይፈነዳል።

አይራግ የሚገኘው ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም ማለቂያ አካባቢ ነው። ስመ ጥር ከሆኑት አውራጃዎች አርኻንጋይ፣ ኡቡርኻንጋይና ቡልጋን ይገኙበታል። ወደ ደቡብ፣ ወደ ጎቢ በረሃ ከወረዳችሁ ደግሞ የተብላላ የግመል ወተት አለ፤ "ሆርሞግ" ይባላል፤ ወፍራምና ለስላሳ ነው። አይራግን በቆዳ አቁማዳ የመሥራቱን ጥበብና አብሮት ያለውን ባህል ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

አሁን ወደ አንድ የቤታችን ወደሚመስል ነገር ልውሰዳችሁ። ሞንጎሎች ከተብላላ ወተት አረቄ ያወጣሉ፤ ስሙ "ሺሚን አርኺ" ነው። አርኺ የሚለው ቃልና የእኛ አረቄ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም "ዐረቅ" ከሚለው የአረብኛ ቃል፣ ከላብ፣ የመጡ ናቸው። አወጣጡን ያየ ሰው ለምን ላብ እንደተባለ ይገባዋል። ትልቅ የብረት ድስት ምድጃ ላይ ይጣድና የተብላላ የላም ወይም የያክ ወተት ይሞላበታል። በላዩ ታችና ላዩ ክፍት የሆነ፣ በርሜል የመሰለ የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ግድግዳ ይቆማል። በግድግዳው ውስጥ፣ መሃል ላይ፣ ትንሽ ማሰሮ በገመድ ተንጠልጥላ ትቀመጣለች። ከሁሉ በላይ ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ጎድጓዳ ብረት ይከደናል። እንፋሎቱ ይወጣል፣ የቀዝቃዛውን ብረት ቂጥ ሲነካ ያልበዋል፣ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ተንጠልጣይዋ ማሰሮ ይወርዳል። የእኛ አገር አረቄ አውጪ እንፋሎቱን በመቃ ወደ ውጭ ትስባለች፤ እነርሱ ግን ማጠራቀሚያውን እዚያው ውስጥ ሰቅለውታል። መገጣጠሚያው ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ይታሸጋል።

ሥራው የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። እሳቱ ከበዛ ወተቱ ከታች ያርርና አረቄው ጭስ ጭስ ይላል። የላዩ ውኃ ሳይቀየር ከሞቀ እንፋሎቱ አይጤዝም፤ ወጥቶ ይባክናል። ስለዚህ ውኃው ይቀየራል፤ በተቀየረ ቁጥር ግን የሚወርደው አረቄ እየሳሳ ይሄዳልና፣ አውጪዋ ስንት ጊዜ እንደቀየረች ነው የመጠጡን ጉልበት የምትለካው። መጠጡ ጥርት ያለ፣ ለብ ብሎ የሚቀርብ፣ እርጎ እርጎ የሚሸት ነው። ከቮድካ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ይሸነግላል፤ ተቀምጣችሁ ሳለ አይታወቃችሁም፣ ስትነሡ ግን ጉልበታችሁ ይነግራችኋል።

ድስቱ ውስጥ የቀረውም አይጣልም። ይጠለላል፣ በድንጋይ ይጫናል፣ ይቆረጥና በድንኳኑ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይሰጣል፤ ያ ነው "አሩል" የሚባለው የደረቀ አይብ። ድንኳን የምለው ጌር የሚሉትን፣ ከተጠቀጠቀ የበግ ጸጉር (ከፌልት) የሚሠራ ክብ ቤታቸውን ነው። አሩልን በጥርስ ለመስበር አትሞክሩ፤ ጥርስ ይሰብራል። ጉንጫችሁ ውስጥ ወሽቃችሁ እንደ ከረሜላ እያራሳችሁት ግማሽ ሰዓት ያዝናናችኋል፤ ረጅም መንገድ ላይ ከእርሱ የሚሻል ስንቅ የለም። ከነጩ ምግብ ሁሉ እኔ የማስቀድመው ግን "ኡሩም"ን ነው። ትኩስ ወተት በሰፊ ድስት በለሆሳስ እሳት ይሞቃል፤ በጭልፋ እየተቀዳ ከከፍታ ይንቆረቆራል፣ ላዩ በአረፋ እስኪሸፈን። ከዚያ እሳቱ ይዳፈንና ያድራል። ጠዋት ላይ የጣት ውፍረት ያለው ቢጫ ቅባት ይገፈፍና እንደ እንጀራ ለሁለት ይታጠፋል። በትኩስ ዳቦ ላይ ብቻውን ይበቃል።

ሻይ በሁለቱም ወቅት አለ። "ሱተይ ጻይ" የወተት ሻይ ነው፤ ስኳር የለውም፣ ጨው አለው። ስኳር ጠብቆ የሚጠጣ ሰው በመጀመሪያው ጉንጭ ይደነግጣል፤ ሻይ ብላችሁ ሳይሆን ቀጭን ሾርባ ብላችሁ ጠጡት፣ ወዲያው ይስማማችኋል። ቤት ውስጥ ለመሞከር አንድ ሊትር ውኃ አፍሉ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ አረንጓዴ ሻይ ጨምሩ (እነርሱ እንደ ጡብ የተጠፈጠፈውን ፈርፍረው ነው የሚጨምሩት)፤ አምስት ደቂቃ ካንተከተከ በኋላ ግማሽ ሊትር ትኩስ ወተትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። አሁን ጭልፋውን ያዙና ሻዩን ቢያንስ ሠላሳ አርባ ጊዜ ወደ ላይ እያነሣችሁ መልሱት። ይህ ወግ ብቻ አይደለም፤ ወተቱና ውኃው አንድ ይሆናሉ፣ ላዩ ላይ ቆዳ አይሠራም፣ አይገነፍልም። ወተቱ ኮምጠጥ ማለት ከጀመረ ግን ይቋጥራልና በዕለቱ የታለበ ይሁን። ባለሙያ እመቤት ቅቤ፣ የተቆላ ደቃቅ እህል ወይም "ባንሽ" የሚባሉ ትንንሽ በሥጋ የተሞሉ ሊጦች ስትጨምርበት ሻዩ ቁርስ ይሆናል።

ከኅዳር ጀምሮ ገበታው ቀይ ይሆናል። የሰባው እንስሳ የሚታረደው ቅዝቃዜው ሲጸና ነው፤ ያኔ ውጭው ራሱ ማቀዝቀዣ ነው። በዚህ ጊዜ ነው "ቦርጽ" የሚሰቀለው። ቦርጽ የእነርሱ ቋንጣ ነው፤ ግን ከእኛው ጋር የሚለያይበትን ማየት ደስ ይላል። የእኛን ቋንጣ በስሱ እንዘለዝላለን፣ ጨውና በርበሬ እንለውሰዋለን፣ በጥቂት ቀን በሙቀት ይደርቃል። እነርሱ ሥጋውን ሁለትና ሦስት ሳንቲሜትር ውፍረት ሰጥተው ይቆርጡታል፤ ጨው የለ፣ ቅመም የለ፤ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ይሰቅሉታል። ሥጋው መጀመሪያ በረዶ ይሆናል፣ ከዚያ በረዶው በደረቁ አየር ቀስ በቀስ ይተናል። ወር ያልፈዋል። ሲደርስ ቡናማ እንጨት ይመስላል፤ ይወቀጥና በከረጢት ይቀመጣል። አንድ ሙሉ ላም ደርቃ በገዛ ጨጓራዋ ውስጥ ትከተታለች ይባላል። ጭብጥ ሙሉ ቦርጽ ፈልቶ ለብዙ ሰው ሾርባ ይሆናል።

የክረምቱ ንጉሥ "ቡዝ" ነው፤ በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ፣ በእንፋሎት የበሰለ። "ጻጋን ሳር" በሚሉት የጨረቃ አዲስ ዓመታቸው፣ ብዙውን ጊዜ የካቲት ላይ፣ አንድ ቤተሰብ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ቡዝ ሠርቶ በረንዳ ላይ ያቀዘቅዛል። በዚያ ሰሞን የምትደርሱ ከሆነ ሁለት ነገር ዕወቁ። አንደኛ፣ በዋና ከተማዋ ብዙ ምግብ ቤትና ሱቅ ለቀናት ይዘጋል፤ ስንቅ አስቀድማችሁ ያዙ። ሁለተኛ፣ አንድ ቤት ከተጋበዛችሁ ከዚያ ወደ ሌላ፣ ከሌላው ወደ ሌላ መወሰዳችሁ አይቀርም፤ በየቤቱም ቡዝ ይቀርባል። በመጀመሪያው ቤት አሥር የበላ ሰው በአራተኛው ቤት ባለቤቱን ያሳፍራል። ሦስት ሦስት እየበላችሁ ሂዱ።

ቡዝን ቤታችሁ መሥራት ለምትፈልጉ መጠኑን ልንገራችሁ። ለ25 ያህል ፍሬ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት በለብ ያለ ውኃ ያለ እርሾ ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩና ሸፍናችሁ 30 ደቂቃ አሳርፉት፤ ካላረፈ ስታሳሱት ይሸበሸባል። 500 ግራም የበግ ወይም የበሬ ሥጋ በቢላ ድቅቅ አድርጉ፤ ከአምስት እጅ አንዱ ስብ ይሁን። አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ ሁለት ራስ ሳይሆን ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፣ በመጨረሻም ከአራት እስከ አምስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ። ውኃው የሚረሳ ነገር ነው፤ ያለ እርሱና ያለ ስቡ ቡዙ ደረቅ ኳስ ይሆናል። ሊጡን በመዳፍ ስፋት ክብ አድርጋችሁ ስታሳሱ ጠርዙ ቀጭን፣ መሃሉ ወፈር ያለ ይሁን፤ መሃሉ ከሳሳ መረቁ ቀዶት ይፈስሳል። ሥጋውን መሃል አስቀምጣችሁ ጠርዙን ዙሪያውን ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ሰብስቡት፤ አናቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተዉለት፣ እንፋሎቱ በዚያ ይተነፍሳል። ቂጡን ዘይት አስነክታችሁ በእንፋሎት ድስት ላይ ደርድሩት። ኡላንባታር ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ አምስት ደቂቃ ጨምሩ። እስኪበስል ክዳኑን አትክፈቱ። ከከፈታችሁ በኋላ ደግሞ ወዲያው በሳህን ወይም በካርቶን አራግቡት፤ ላዩ ይደርቃል፣ ያብረቀርቃል፣ እርስ በርሱ አይጣበቅም። ሲበላ በእጅ ነው፤ መጀመሪያ ጠርዙን ትንሽ ነክሳችሁ መረቁን መጥጡ። ዝም ብሎ የገመጠ ሰው ትኩሱ ስብ እስከ ክርኑ ይወርድበታል።

ይኸው ሥጋና ሊጥ ጠፍጥፎ በዘይት ሲጠበስ "ኹሹር" ይሆናል፤ እርሱ የናዳም በዓል ምግብ ነው። ናዳም በእኛ ከሐምሌ 4 እስከ 6 (በአውሮፓውያን ከጁላይ 11 እስከ 13) የሚከበር የትግል፣ የፈረስ ግልቢያና የቀስት በዓል ነው። በስታዲየሙ ዙሪያ ኹሹር በየድንኳኑ ይጠበሳል። ሲጠበስ ያያችሁትን ግዙ፤ በፀሐይ ተቆልሎ የዋለውን ተዉት።

"ኾርኾግ" ብዙ ጎብኚ የሚመኘው ነው፤ በግ በትኩስ ድንጋይ። ከወንዝ የተለቀሙ ጡጫ የሚያህሉ ለስላሳ ድንጋዮች እሳት ውስጥ እስኪግሉ ይቆያሉ። የተሰነጠቀ ወይም ተነባብሮ የተሠራ ድንጋይ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው እርጥበት ሲሞቅ ያፈነዳዋል። ወፍራም የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከነአጥንቱ የተቆራረጠ ሥጋ፣ ድንጋይ፣ ሥጋ፣ ድንጋይ እየተደረደረ ይገባል፤ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጨውና ሁለት ሊትር ያህል ውኃ ይጨመራል፤ ክዳኑ ታስሮ እሳት ላይ ይቀመጣል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ከውስጥ በድንጋይ፣ ከውጭ በእሳት ስለሚበስል ሥጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል። በውስጡ ግን እንፋሎት ታፍኗል፤ ሲከፈት ፊታችሁን አርቁ፣ ሕፃናትንም አርቁ። ከበሰለ በኋላ በስብ የወዙት ድንጋዮች እየወጡ ለየሰዉ ይታደላሉ፤ ከእጅ እጅ እያገላበጡ መያዝ ለጤና ይበጃል ይላሉ። ለቱሪስት ካምፕ ይህን ስታዙ ከቀኑ እኩሌታ በፊት፣ ቢቻል በዋዜማው ተናገሩ፤ ለእራት ሰዓት ደርሶ የሚሠራ ምግብ አይደለም።

የዚህ ዘመድ "ቦዶግ" ነው፤ ድንጋዩ የሚከተተው በፍየሉ ወይም ማርሞት በሚባለው የጉድጓድ እንስሳ በራሱ ቆዳ ውስጥ ነው። የፍየሉን ብሉ። የማርሞቱን ማንም ቢያቀርብላችሁ እንቢ በሉ። ማርሞት ቸነፈር የሚባለውን ገዳይ በሽታ ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በምዕራቡ ባያን ኡልጊ አውራጃ የማርሞት ጥሬ ኩላሊት የበሉ ባልና ሚስት ሞተው አካባቢው ለቀናት ተዘግቶ ነበር።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የሚያስፈልግ ነገር አለ። ሞንጎሎች በግ ሲያርዱ አንገት አይቆርጡም። ከደረቱ በታች ትንሽ ይቀዱና እጃቸውን አስገብተው ዋናውን የደም ሥር ይበጥሳሉ፤ ደሙ መሬት አይነካም፣ ውስጡ ይቀራል፣ ተቀድቶም ለአንጀት ሙሌት ይውላል። ለክርስቲያንም ለሙስሊምም የእርድ ሥርዓት ለሚጠብቅ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። በባያን ኡልጊ አብዛኛው ነዋሪ ካዛክ ሙስሊም ስለሆነ እርዱ የሐላል ነው። ፈረስ የማይበላ ሰው "አዱኒ ማኽ" የሚለውን ቃል ይያዝ፤ የፈረስ ሥጋ ማለት ነው፤ ክረምት ላይ በብዛት ይበላል። "ኡኽሪን ማኽ" የበሬ፣ "ሆኒኒ ማኽ" የበግ ነው። ጾመኛ ደግሞ ይጠንቀቅ፦ ነጩ ምግብ ሁሉ ወተት ነው። በኡላንባታር ከእንስሳት ነጻ የሆነ ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች በርከት ብለው አሉ። ከከተማ ስትወጡ ግን "ማኽጉይ"፣ ሥጋ የሌለው ብላችሁ ብታዝዙ ሥጋው ተለቅሞ መረቁና ስቡ የቀረ ሳህን ሊመጣላችሁ ይችላል። በሶና ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ፤ በሶ ውኃ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ የፈላ ውኃ ደግሞ በየጌሩ አለ።

በመንገድ ላይ ምሳ የሚበላው "ጓንዝ" በሚባሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ነው። የምግብ ዝርዝሩን ከማንበብ "ያማር ኾል በይና?"፣ ምን ምግብ አለ ብሎ መጠየቅ ጊዜ ይቆጥባል፤ ከተጻፈው ግማሹ የለም። "ጹይዋን" ካለ እዘዙት። ከሥጋና ከካሮት በላይ በእንፋሎት የበሰለ በእጅ የተቆረጠ ፓስታ ነው፤ ያጠግባችኋል፣ ሆድም አይረብሽም።

አሁን ወደ ምሽቱ። ጌር ውስጥ ስትገቡ ደፉን አትርገጡ፤ ወደ ግራ፣ ወደ እንግዳ ወገን እለፉ፤ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል አትሹለኩ፤ እግራችሁን ወደ ምድጃው አትዘርጉ። የሚሰጣችሁን ሁሉ፣ አያጋም ይሁን ሱረት፣ በቀኝ እጃችሁ ተቀበሉ፤ ግራውን ከቀኝ ክርናችሁ ሥር ደግፉበት። ቮድካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ብርጭቆው አንድ ነው። ባለቤቱ ይሞላል፣ ለአንዱ ይሰጣል፣ እርሱ ጠጥቶ ወይም ቀምሶ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ እንደገና ተሞልቶ ለቀጣዩ። ብርጭቆውን በቀጥታ ለጎረቤታችሁ አታስተላልፉ። ከመጠጣታቸው በፊት የቀለበት ጣታቸውን ነክረው ለሰማይ፣ ለምድርና ለነፋስ ይረጫሉ። የማይጠጣ ሰው መጨነቅ የለበትም፤ ተቀብሎ ከንፈሩን አስነክቶ ወይም ጣቱን ነክሮ ግንባሩን ነክቶ ይመልሳል፣ ማንም አይቀየምም። የሚያስቀይመው ጭራሽ እጅን ሰብስቦ አለመቀበሉ ነው። ምርቃቱ "ኤሩል መንዲን ቱሉ" ነው፤ ለጤናችን። በክረምት ከጠጣችሁ በኋላ "ሞቀኝ" ብላችሁ ጃኬት ከፍታችሁ እንዳትወጡ። አልኮል ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያመጣው ይሞቃችኋል እንጂ ሰውነታችሁ ሙቀቱን እያፈሰሰ ነው። ከዜሮ በታች 30 ላይ ይህ ሰው ይገድላል።

ኡላንባታር ላይ ካላችሁ በበጋ ምሽት ቱመን ኤኽ የተባለው የባህል ቡድን የሚያሳየውን ትርኢት አታሳልፉት። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእነርሱ 18፡00፣ በእኛ 12 ሰዓት ነው፤ ትኬት ላይ ያለውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ትርኢቱ ያመልጠዋል። ፎቶ ማንሳት ለብቻው ሊያስከፍል ስለሚችል መግቢያው ላይ ጠይቁ። ስትወጡ በሐምሌ ፀሐይ ገና አልገባም፤ እራት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እዚያ "ሞሪን ኹር"ን ስትሰሙ ማሲንቆ የሰማ ጆሮ ወዲያው ይነቃል። ሁለቱም የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ የሚመታባቸው ናቸው። ማሲንቆ አንድ አውታር አላት፤ ሞሪን ኹር ሁለት። በልማዱ ወፍራሙ አውታር ከድንጉላ ጭራ 130፣ ቀጭኑ ከባዝራ ጭራ 105 ፀጉር ይይዛል፤ ዛሬ መድረክ ላይ ናይለን መጠቀምም የተለመደ ነው። አናቱ ላይ የፈረስ ራስ ተቀርጿል። "ኡርቲን ዱ"፣ ረጅሙ ዘፈን፣ ሲመጣ ቃላቱን ለመከተል አትድከሙ። አራት ደቂቃ የሚፈጀው ዘፈን ውስጥ ያሉት ቃላት አሥር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቀሪው ትንፋሽ ነው። "ኹሚ" ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ጉሮሮ ሁለት ድምፅ ሲያወጣ ነው፦ ከታች የማይንቀሳቀስ ጉርምርምታ፣ ከላይ በምላስና በከንፈር የሚቀረጽ ፉጨት። ከፊት መቀመጫ ብትይዙ የዘፋኙን ከንፈር ታያላችሁ፤ ዜማው ሲለወጥ የሚለወጠው እርሱ ነው። ይህን ጉሮሮ ከሮክ ጋር የቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ2016 የተመሠረተው ዘ ሁ የተባለው ባንድ በዓለም መድረክ እየዞረ ነው፤ ወጣቱ ምሽት ላይ ምን እንደሚሰማ ማወቅ ለሚፈልግ ጥሩ መነሻ ነው።

በካራኦኬ ቤቶች የሚከራየው ክፍል ነው፣ በሰዓት፤ መጠጡ ለብቻው ይታሰባል። ሁለቱንም ዋጋ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። ማታ ስትመለሱ በመንገድ ከቆመ ማንኛውም መኪና ይልቅ ዩቢካብ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ታክሲ ጥሩ፤ የሆቴላችሁ አድራሻ በሲሪሊክ (እነርሱ በሚጽፉበት ፊደል) የተጻፈበት ካርድም ያዙ።

ከከተማ ውጭ ግን ምሽቱን የሚያሞቀው "ሻጋይ" ነው፤ የበግ የቁርጭምጭሚት አጥንት። አራት ጎን አለው፣ አራቱም ስም አላቸው። ከሰፊዎቹ ጎኖች ያበጠው በግ፣ የጎደጎደው ፍየል ነው፤ ጠባቦቹ ሁለቱ ፈረስና ግመል ናቸው፤ እነርሱን መለየት ስለሚያስቸግር ከመጀመራችሁ በፊት አሳዩን በሉ። ለፈረስ እሽቅድምድም ሃያ ያህል አጥንት በመስመር ደርድሩ፤ ያ ሜዳው ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አጥንት ከጫፉ አጠገብ ያቆማል፤ ያ ፈረሱ ነው። ከዚያ በየተራ አራት አጥንት ይጣላል፤ ፈረስ ሆኖ በተቀመጠው ቁጥር ልክ ወደፊት ትራመዳላችሁ። አጥንቱ በሰፊው ጎኑ መተኛት ስለሚቀናው ፈረስ ቶሎ ቶሎ አይወጣም፤ አንድ ዙር ምሽቱን ሊበላ ይችላል። አራቱ አጥንቶች አራት የተለያየ ጎን ይዘው ከተቀመጡ "ዱርቩን በርኽ" ይባላል፤ መልካም ዕድል ነው፣ ቤቱም ይጮኻል። ስትጥሉ ከፍ አድርጋችሁ አትወርውሩ፤ በሁለት መዳፍ ቀላቅላችሁ ከምንጣፉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብላችሁ ልቀቁት።